የፒኤም 2.5 ሴንሰርን ለአዲስ አበባ አየር ማስተካከል፦ ከጣራ ላይ እስከ ቀመር

ፒኤም 2.5 ማለት ውፍረቱ 2.5 ማይክሮሜትር ወይም ከዚያ በታች የሆነ ብናኝ ነው። በጥቂት አሥር ዶላር የሚገዛ የብናኝ ሴንሰር አየሩን አይመዝንም። ውስጡ ያለች ትንሽ ፋን አየር ትስባለች፣ የሌዘር ጨረር በዚያ አየር ውስጥ ያልፋል፣ ብናኙ የበተነውን ብርሃን አንድ ተቀባይ ይቆጥራል። ከዚያ ፋብሪካው የጻፈው ስሌት ብልጭታውን ወደ ማይክሮግራም በሜትር ኪዩብ ይቀይረዋል። ስሌቱ ግን የተሠራው በሌላ ብናኝና በሌላ ሁኔታ ነው። የአዲስ አበባ አየር የማገዶና የከሰል ጭስ፣ የናፍጣ ጥቀርሻና የመንገድ አቧራ ድብልቅ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። በሐምሌ ሌሊት እርጥበቱ ከ80 በመቶ በላይ ይወጣል። ስለዚህ ሴንሰሩ 60 ሲል እውነቱ 30 ሊሆን ይችላል፤ በደረቅ ወቅት አቧራ ሲነሳ ደግሞ በተቃራኒው ዝቅ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል።

ማስተካከል፣ ወይም ብዙዎች እንደሚሉት ካሊብሬት ማድረግ፣ ይህን ክፍተት የሚዘጋ ሥራ ነው። ከሌላ አገር የተቀዳ ቀመር ለጊዜው ያገለግል ይሆናል፤ የራሳችሁ የሚሆነው ግን ሴንሰሩ በሚሠራበት አየርና ወቅት የተሠራው ብቻ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው። ምሳሌ የማደርገው ፒኤምኤስ 5003 የተባለውን ሴንሰር ነው፤ ፐርፕል ኤር የሚባሉት መሣሪያዎች ውስጥ ሁለቱ ጎን ለጎን ስለሚገኙ ብዙ ሰው ያውቀዋል። ኤስፒኤስ 30 ወይም ኤስዲኤስ 011 ለያዘም አሠራሩ ያው ነው።

ደረጃ 1፦ ጥያቄውን ለዩ

«ጠዋት ይብሳል ወይስ ማታ?» ለሚል ጥያቄ ያልታረመ ሴንሰርም ይረዳል። «የትምህርት ቤታችን አየር ከዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በላይ ነው ወይ?» ለሚለው ግን አይበቃም። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው የፒኤም 2.5 ወሰን ለዓመት አማካይ 5፣ ለ24 ሰዓት አማካይ 15 ማይክሮግራም ነው። ስህተቱ 10 የሆነ ንባብ 5 ከሆነ ወሰን ጋር ሲወዳደር ምንም አይነግርም።

ሁለት ነገር አሁኑኑ ወስኑ። አንደኛ፣ ከሦስት ሴንሰር በታች አትግዙ። አንዱ ሲበላሽ የትኛው እንደተበላሸ የምታውቁት ሦስተኛው ሲፈርድ ነው፤ ከመካከላቸው አንዱ ደግሞ ከማጣቀሻው (ደረጃ 2 ላይ ከምናየው የታመነ መለኪያ) አጠገብ ሳይነሳ ይቀራል። ሁለተኛ፣ ሴንሰሩ ከፒኤም 2.5 ጎን የሚያወጣውን የፒኤም 10 (እስከ 10 ማይክሮሜትር ያለው ብናኝ) ቁጥር እርሱት። ትልልቁን አቧራ ይህ ዓይነት ሴንሰር በደንብ አያየውም፤ ቁጥሩ ከትንንሾቹ ተነስቶ የተገመተ ነው። የኮረኮንች መንገድ አቧራን በዚያ ዓምድ ለካሁ የሚል ዘገባ ባነበብኩ ቁጥር ገጹን እዘጋለሁ።

ደረጃ 2፦ ማጣቀሻ ፈልጉ

የገበያ ሚዛን የሚፈተሸው ክብደቱ በታወቀ የብረት ኪሎ ነው፤ የሴንሰሩ ኪሎ ማጣቀሻ መሣሪያ ይባላል። በብዛት የሚገኘው ቢኤኤም የተባለው ነው። አየሩን በጥቅል ወረቀት ላይ ያሳልፍና ወረቀቱ ላይ የቀረው ብናኝ የቤታ ጨረርን ምን ያህል እንዳደከመ ለክቶ በየሰዓቱ ክብደት ይሰጣል። አየሩን ወደ ውስጥ ሲያስገባም በማሞቂያ ያደርቀዋል። ይህ ማሞቂያ በኋላ ብዙ ነገር ያስረዳናል፦ ማጣቀሻው የሚመዝነው ደረቅ ብናኝ ነው፤ የእናንተ ሴንሰር የሚያየው ግን ውኃ የጠጣውን ነው።

በአዲስ አበባ የአሜሪካ ኤምባሲ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በሁለት ቦታ፣ በእንጦጦ መንገድ ባለው ግቢውና በዓለም አቀፉ ኮሚዩኒቲ ትምህርት ቤት፣ በየሰዓቱ የሚለካውን ፒኤም 2.5 ለሕዝብ ያሳይ ነበር። ብዙ የአገር ውስጥ ጥናት የተደገፈው በዚህ ዳታ ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 2025 የአሜሪካ መንግሥት የኤምባሲዎቹን ዳታ ማካፈሉን በዓለም ዙሪያ አቆመ። የቀድሞው መዝገብ የከተማዋን የብክለት ስፋትና የቀን ውስጥ ውጣ ውረድ ለማወቅ ጥሩ ነው። ለማስተካከል ግን ሴንሰራችሁ በዚያን ጊዜ እዚያ ካልነበረ አይጠቅምም። ስለዚህ ማጣቀሻ ያለው ዩኒቨርሲቲ፣ የምርምር ፕሮጀክት ወይም መሥሪያ ቤት ፈልጉና ደብዳቤ ጻፉ። «ሁለት ወር ጣራችሁ ላይ ሦስት ትንንሽ ሳጥን ልስቀል፤ ውጤቱን አካፍላለሁ» የሚል አጭር ጥያቄ ከረጅም ፕሮፖዛል ይልቅ በር ይከፍታል።

በሩ ሲከፈት የመሣሪያውን ባለሙያ ሦስት ነገር ጠይቁ፤ ዳታው እጃችሁ ከገባ በኋላ ለመጠየቅ ብዙ ጊዜ ይረፍዳል።

የመጀመሪያው፦ መሣሪያው የሚያወጣው ቁጥር በእውነተኛው የአየር ሁኔታ ነው ወይስ በስታንዳርድ? ስታንዳርድ ማለት አየሩ በባሕር ጠለል ግፊትና በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሆን ኖሮ ማለት ነው። ቆላ ባሕር ዳርቻ ላይ ልዩነቱ ትንሽ ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን የአየሩ ግፊት 770 ሄክቶፓስካል ገደማ ነው፤ የባሕር ጠለሉ 1,013 ነው። የሙቀቱን ልዩነት ጨምረን ብናሰላው፣ በስታንዳርድ 40 የሆነ ንባብ በእውነተኛው አየር 31 ገደማ ይሆናል። ከሩብ ብዙም የማያንስ ልዩነት የሚመጣው ከአንዲት የሜኑ ምርጫ ነው። ለፒኤም 2.5 የሚያስፈልገው እውነተኛው ነው።

ሁለተኛው፦ «10፡00» ተብሎ የተመዘገበው ሰዓት ከ9 እስከ 10 ያለው ነው ወይስ ከ10 እስከ 11? መሣሪያዎቹም ድረ ገጾቹም በዚህ ይለያያሉ።

ሦስተኛው፦ የስህተት ኮዶቹ የትኞቹ ናቸው፣ የአየር ፍሰቱስ መቼ ተፈተሸ? እንደ −999 ወይም 985 ያለ ቁጥር ንባብ አይደለም፤ «አልሠራሁም» የሚል መልእክት ነው።

ቢኤኤም ካልተገኘ በማጣሪያ ወረቀት የሚደረግ የ24 ሰዓት ናሙና አለ። ፓምፕ በደቂቃ 16.7 ሊትር አየር ሲስብ በቀን 24 ሜትር ኪዩብ ይሆናል። አየሩ 30 ማይክሮግራም ቢሆን ወረቀቱ ላይ የሚቀረው 0.7 ሚሊግራም ብቻ ነው። ይህን ለመመዘን እርጥበቱና ሙቀቱ በተቆጣጠረ ክፍል ውስጥ ያለ ማይክሮ ሚዛን ያስፈልጋል። ውጤቱ በቀን አንድ ነጥብ ስለሆነ ብዙ ሳምንት ይፈልጋል። ቢሆንም ከሁሉም የሚታመነው ይኸው ነው።

ደረጃ 3፦ ሴንሰሮቹን መጀመሪያ እርስ በርስ አገናኙ

ወደ ማጣቀሻው ከመውሰዳችሁ በፊት ሁሉንም በአንድ ጣራ ላይ፣ በአንድ ከፍታ፣ አንድ ሳምንት አሠሩ። የእያንዳንዱን የሰዓት አማካይ ከሁሉም መካከለኛ ጋር አስተያዩ። አንዱ ሁልጊዜ በ10 በመቶ ከፍ ቢል ችግር የለም፤ በማባዣ ይስተካከላል። አንዱ አንዳንዴ አብሮ እየሄደ አንዳንዴ ብቻውን የሚዘል ከሆነ ግን በማንኛውም ቀመር አይድንም። ለዩት።

የዜሮ ሙከራም አድርጉ። ሴንሰሩን ሄፓ ማጣሪያ (ብናኝን ከሞላ ጎደል ሁሉ የሚይዝ ማጣሪያ) ባለው የተዘጋ ፕላስቲክ ውስጥ አስገብታችሁ ግማሽ ሰዓት ቆዩ፤ ዜሮ ወይም አንድ ላይ መውረድ አለበት።

እዚህ ላይ ሰውን በጣም የሚያሳስት ነገር አለ። ፒኤምኤስ 5003 ለፒኤም 2.5 ሁለት ቁጥር ያወጣል፤ አንዱ «ሲኤፍ 1»፣ ሌላው «ኤቲኤም» ይባላል። አየሩ ንጹሕ ሲሆን ሁለቱ እኩል ናቸው። ብክለቱ ሲጨምር ኤቲኤም ወደ ሲኤፍ 1 ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል። አንዱን ምረጡና እስከ መጨረሻው በእሱ ሂዱ። እኔ ሲኤፍ 1ን እመርጣለሁ፤ ኤቲኤም መሀሉ ላይ ስለሚታጠፍ ቀጥ ያለ መስመር አይቀበልም።

ደረጃ 4፦ ሰቀላ

ሳጥኑን ከማጣቀሻው የአየር መግቢያ ከ20 ሜትር ባልራቀ ቦታ፣ በተቀራረበ ከፍታ ስቀሉ። ፀሐይ መግቢያውን በቀጥታ አትምታው፤ ብርሃን ወደ ውስጥ ከገባ ንባቡ ይዛባል። ከኩሽና ጭስ ማውጫ፣ ከዘበኛው ምድጃና በተለይ ከጀነሬተር አርቁት። መብራት ሲጠፋ ጀነሬተሩ ይነሳል፣ ጭሱ ሴንሰሩ ላይ ያልፋል፣ ማጣቀሻው ግን ሌላ ጥግ ስለሆነ አያየውም። የቆርቆሮ ጣራ ጠርዝ ሥርም አትስቀሉት፤ ክረምት ሲገባ ውኃው ይረጨዋል።

ስለ ኃይል ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ዳታ የሚጠፋው እዚህ ነውና። ፒኤምኤስ 5003 ፋኑን ለማዞር 5 ቮልት ይፈልጋል፤ የዳታ መስመሩ ግን 3.3 ቮልት ነው። ረጅምና ቀጭን የዩኤስቢ ገመድ ከታች 5 ቮልት ተቀብሎ ጣራ ላይ ያነሰ ሊያደርስ ይችላል። ያኔ ፋኑ ይዝላል፣ የሚገባው አየር ይቀንሳል፣ ንባቡም አብሮ ይለወጣል። ስለዚህ ቮልቱን በሴንሰሩ በኩል ባለው ጫፍ በመልቲሜትር ለኩ። መብራት ለሚቆራረጥበት ሰፈር መካከል ላይ ባትሪ ይግባ፤ ዳታውም በሲም ካርድ ወይም በዋይፋይ ከመላኩ ጎን ለጎን ሜሞሪ ካርድ ላይ ይጻፍ። ኃይል ሲመለስ የሚመጡትን የመጀመሪያ ደቂቃዎች ንባብ ጣሉ።

ምን ያህል ጊዜ? ለአንድ ወቅት ቢያንስ 30 ቀን። ግን አንድ ወቅት አይበቃም። በጥር ደረቅ አየር የተሠራ ቀመር ነሐሴ ላይ ይወድቃል፤ በክረምት የተሠራውም በበጋ እንዲሁ። አንድ ወር በክረምት፣ አንድ ወር በበጋ ከተቻለ በጣም ጥሩ ነው። የሚቻለው አንድ ወር ብቻ ከሆነ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ጀምሩና ወደ ጥቅምት አሻግሩት፤ እርጥቡንም ደረቁንም ትይዛላችሁ።

ደረጃ 5፦ ሰዓቱን አስማሙ

ሎገሩ፣ ማለትም የሴንሰሩን ንባብ የሚመዘግበው መሣሪያ፣ ዳታውን በግሪንዊች ሰዓት ይጽፋል፤ የእኛ ከእሱ በ3 ሰዓት ይቀድማል። የማጣቀሻው ባለሙያ ማስታወሻውን በሀገር ሰዓት አቆጣጠር ይጽፋል፤ እሱ ደግሞ ከኮምፒውተሩ ሰዓት በ6 ይለያል። «ማታ 2 ሰዓት ላይ ወረቀት ተቀየረ» የሚለው ማስታወሻ በኤክሴል ውስጥ 20፡00 ነው። ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፎ ከሆነም አንድ ሌላ ለውጥ ይጨመራል። ሁሉንም ወደ አንድ፣ ማለትም ወደ ግሪንዊች፣ አምጡና የሀገር ሰዓቱን ለግራፍ ብቻ ተጠቀሙበት።

መስማማቱን የምታረጋግጡበት ቀላል ዘዴ አለ። የሴንሰሩን ዳታ በአንድ ሰዓት ወደ ፊት፣ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ፣ ከዚያ በሁለት፣ በሦስት እያደረጋችሁ ከማጣቀሻው ጋር ያለውን ዝምድና አስሉ። ትልቁ ቁጥር ዜሮ ሽግሽግ ላይ ካልመጣ ሰዓታችሁ ተዛብቷል። የአዲስ አበባ ብክለት ጠዋት ሰው ወደ ሥራ ሲወጣና ምሽት ላይ ሁለት ጉልህ ጫፍ ስላለው ስህተቱ ቶሎ ይታያል።

ደረጃ 6፦ ዳታውን አጥሩ

የሰዓት አማካይ የምታሰሉት ከደቂቃዎቹ 75 በመቶ ካለ ብቻ ነው፤ የቀን አማካይ ደግሞ ቢያንስ 18 ሰዓት ሲኖር። ሁለት ሌዘር ባለው መሣሪያ ሁለቱ ቻናሎች ከ5 ማይክሮግራም በላይም ከ60 በመቶ ገደማ በላይም ከተለያዩ ያንን ሰዓት አውጡ። ሁለቱም መስፈርት አንድ ላይ ሲሟላ ብቻ ነው። በ3 እና በ6 መካከል ያለው ልዩነት በመቶኛ ትልቅ ነው፣ በማይክሮግራም ግን ምንም አይደለም።

የቢኤኤምን ኔጌቲቭ ቁጥሮች ግን አትሰርዙ። አየሩ በጣም ንጹሕ ሲሆን በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚሰበሰበው ብናኝ ከመሣሪያው መወዛወዝ ያንሳል፤ አንዴ +3፣ አንዴ −2 ቢል ጤነኛ ነው። ኔጌቲቩን ብቻ ለቅማችሁ ካወጣችሁ አማካዩ ሳይታወቅ ወደ ላይ ይገፋል። የስህተት ኮዶችን አውጡ፣ ትንንሽ ኔጌቲቮችን ተዉ። ያልተነካው ዳታ ደግሞ ለብቻው ፋይል ይቀመጥ፤ ምንም ነገር በእሱ ላይ አይጻፍበት።

ደረጃ 7፦ ቀመሩ

መጀመሪያ ሣሉት። በአግድሙ ሴንሰሩ፣ በቁሙ ማጣቀሻው ይሁን፤ ነጥቦቹን በእርጥበት መጠን ቀለም ቀቡ። ደረቁ ነጥቦች አንድ መስመር ይዘው፣ እርጥቦቹ ወደ ቀኝ ሸሽተው ካያችሁ ሥራው የት እንዳለ ገባችሁ ማለት ነው።

ቀላሉ ቀመር ይህ ነው፦

ማጣቀሻ = ሀ × ሴንሰር + ለ × እርጥበት + ሐ

ሀ፣ ለ እና ሐን ኤክሴል በሊንኤስት ፎርሙላ ያወጣላችኋል፤ ፓይተን ለሚያውቅ ደግሞ የጥቂት መስመር ሥራ ነው። «ለ» ብዙውን ጊዜ ኔጌቲቭ ይሆናል፤ እርጥበት ሲጨምር ሴንሰሩ ስለሚያጋንን መቀነስ አለበት። የምትጠቀሙት እርጥበት ሳጥኑ ውስጥ ያለው ሴንሰር የሚያነበው ይሁን። ሳጥኑ በራሱ ሙቀት ምክንያት ከውጭው አየር ደረቅ ሆኖ ያሳያል፤ ያ ችግር የለውም። ችግር የሚሆነው ቀመሩን በሳጥኑ እርጥበት ሠርታችሁ በኋላ በቦሌ አየር ማረፊያ እርጥበት ስትጠቀሙበት ነው።

ይህ ቀመር በብዙ ቦታ ይበቃል፤ የክረምት ሌሊት ላይ ግን ይደክማል። ብናኝ ውኃ የሚጠጣው በቀጥታ መስመር አይደለምና። እርጥበቱን ከ0 እስከ 1 ባለ ቁጥር «እ» ብለን እ ÷ (1 − እ)ን እናስላ። በ50 በመቶ እርጥበት 1 ይሆናል፣ በ85 በመቶ 5.7፣ በ95 በመቶ 19። ከ80 በመቶ በኋላ ሴንሰሩ ለምን እንደሚያብድ ከእነዚህ ሦስት ቁጥሮች ይታያል። ስለዚህ ሌላውን ቅርጽ ሞክሩ፦

የታረመ = ሀ × ሴንሰር ÷ (1 + መ × እ ÷ (1 − እ)) + ሐ

«መ» ብናኙ ምን ያህል ውኃ እንደሚወድ ይነግራል። 0.18 ቢሆን፣ በ85 በመቶ እርጥበት ሴንሰሩ የሚያየው የደረቁን እጥፍ ነው። ትኩስ የማገዶ ጭስ ውኃ የመጠጣት ፍላጎቱ አነስተኛ ነው፤ ሰልፌትና ናይትሬት የበዛበት ብናኝ ግን ይጠጣል። ለዚህ ነው የአንድ ከተማ «መ» ለሌላው የማይሆነው። የተለያየ የ«መ» ዋጋ እየሞከራችሁ ስህተቱን የሚያሳንሰውን ያዙ። ከ95 በመቶ በላይ ያሉትን ሰዓታት፣ ማለትም ጉሙን፣ ምልክት አድርጋችሁ ከቀመሩ ውጭ አድርጓቸው።

አሁን ወደ ኅዳር 12 እንምጣ። በ1911 ዓ.ም. የገባው የኅዳር በሽታ ትዝታ የሆነው «ኅዳር ሲታጠን» በየሰፈሩ ቆሻሻ የሚቃጠልበት ቀን ነው። የደመራ ማታም ተመሳሳይ ነው። የሰቀላ ጊዜያችሁ ይህን ቀን ካካተተ ሴንሰሩ ጥቂት ሰዓት በመቶዎች ያነባል። እነዚህ ጥቂት ነጥቦች ከቀሩት ርቀው ስለሚቀመጡ መስመሩን ወደ ራሳቸው ይጎትታሉ፤ የዝምድናውን ቁጥርም ያሳምሩታል። 0.95 አገኘሁ ብላችሁ ስትደሰቱ 0.95ን የሰጣችሁ አንድ ምሽት ሊሆን ይችላል። መሰረዝ መልስ አይደለም፤ ከፍተኛውን ብክለት የምታዩት በዚያ ቀን ነው። ቀመሩን ከእነዚያ ሰዓታት ጋርና ያለ እነሱ ሥሩ። «ሀ» ብዙ ካልተለወጠ አንዱን ያዙ፤ ከተለወጠ የዘወትሩን ቀመር ያለ እነሱ ሠርታችሁ ለጭስ ቀን የተለየ አዘጋጁ። የቆሻሻና የፕላስቲክ ጭስ ከዘወትሩ የመኪናና የከሰል ብናኝ ጋር አንድ አይደለምና።

ስለ ማሽን ለርኒንግ ይጠየቃል። ራንደም ፎረስት የተባለው ዘዴ በልምምዱ ላይ ካየው ከፍተኛ ቁጥር በላይ መናገር አይችልም። በጸጥተኛ ወር ካሠለጠናችሁት ኅዳር 12 ላይ «ሰላም ነው» ይላል። የሁለት ዓመት ዳታ ያለው ሰው ይሞክረው፤ የሁለት ወር ዳታ ላለው ቀጥተኛው ቀመር ይሻላል፣ ሲሳሳትም የት እንደተሳሳተ ይታያል።

ደረጃ 8፦ ባላየው ዳታ ፈትኑት

ቀመሩን በሠራችሁበት ዳታ መፈተን ተማሪን በሠራው የቤት ሥራ መፈተን ነው። ከሁለት ወሩ ሁለት ሙሉ ሳምንት ለይታችሁ አስቀምጡ። በዘፈቀደ ከየቀኑ ሰዓት መልቀም አይሠራም፤ የ3 ሰዓትና የ4 ሰዓት አየር ስለሚመሳሰል ፈተናው አስቀድሞ እንደወጣ ይቆጠራል።

የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ለፒኤም 2.5 ሴንሰር በ24 ሰዓት አማካይ የሚመክረው መለኪያ ጥሩ መነሻ ነው፦ አር ስኩዌር (ሴንሰሩና ማጣቀሻው ምን ያህል አብረው እንደሚሄዱ ከ0 እስከ 1 የሚያሳይ ቁጥር) 0.70 ወይም በላይ፣ የመስመሩ ማባዣ ከ0.65 እስከ 1.35፣ መነሻው ከ−5 እስከ +5፣ የስህተቱ መጠን እስከ 7 ማይክሮግራም ወይም እስከ 30 በመቶ። ከዚህ ሌላ ስህተቱን በእርጥበት፣ በሙቀትና በሰዓት ከፋፍላችሁ እዩት። በአጠቃላይ የሚያልፍ ቀመር ከንጋት በፊት ባለው ሰዓት ብቻ ሁልጊዜ የሚያጋንን ሊሆን ይችላል፤ አማካዩ ይህን ይሸፍነዋል።

ማጣቀሻ ፈጽሞ ካልተገኘ

ይህ የብዙዎቻችን ሁኔታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ታትሞ የወጣው የአሜሪካው የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ቀመር ለፐርፕል ኤር እንዲህ ይላል፦

የታረመ = 0.524 × ሲኤፍ 1 − 0.0862 × እርጥበት + 5.75

ሲኤፍ 1 = 60፣ እርጥበት = 85 ከሆነ ውጤቱ 29.9 ነው፤ እርጥበቱ 40 ቢሆን 33.7። ቀመሩ የተሠራው በአሜሪካ ጣቢያዎች ነው። ከጥሬው ቁጥር ይሻላል፤ የአዲስ አበባ ነው ግን አትበሉ። ግራፉ ላይ «ጊዜያዊ እርማት» ብላችሁ ጻፉ፣ ከዓለም ጤና ድርጅት ወሰን ጋር አታወዳድሩ። ሴንሰሮቹ እርስ በርስ ተገናኝተው ከሆነ ግን አሁንም የምትናገሩት ብዙ አለ፦ ዋናው መንገድ ዳር ከጓሮው ይብሳል፣ መኪና የማይገባበት እሑድ ከሌላው እሑድ ይሻላል፣ ወዘተ። ለዚህ ፍጹም ክብደት አያስፈልግም።

የውጭ ቀመርን ኩሽና ውስጥ አትጠቀሙ። እንጀራ በማገዶ ሲጋገር ወይም ቡና ተቆልቶ ዕጣን ሲጨስ ያለው ብናኝ ሌላ ነው፤ መጠኑም ፋብሪካው ለፒኤምኤስ 5003 ከሰጠው የ500 ማይክሮግራም የሥራ ወሰን ሊያልፍ ይችላል። ለኩሽና ኩሽና ውስጥ የተወሰደ የማጣሪያ ናሙና ያስፈልጋል።

ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድና ኦዞን የሚለኩ ርካሽ የጋዝ ሴንሰሮችም አሉ። አንዱ ለሌላው ጋዝ ምላሽ ይሰጣል፣ ሙቀትም በጣም ያዛባቸዋል፣ እርጅናቸውም ፈጣን ነው። ብናኙን ሳትጨርሱ አትግቡባቸው።

ከተተከሉ በኋላ

ሴንሰሮቹ ወደየቦታቸው ሲሄዱ አንዱ ከማጣቀሻው ጎን ይቅር። ሌላ አንድ ተጓዥ ሴንሰር መድቡና በየወቅቱ እያንዳንዱ ጣቢያ ላይ አንድ ሳምንት ጎን ለጎን አሠሩት፤ ልዩነቱ ካለፈው ጊዜ ካደገ ያ ጣቢያ እየሳተ ነው። የአየር መግቢያውን በየወሩ እዩ። የሸረሪት ድርና ትንንሽ ነፍሳት ከየትኛውም የሌዘር እርጅና በፊት ይደርሳሉ። ፋኑ ድምፅ ከጀመረ ፍሰቱ እየወረደ ነው። ኤስፒኤስ 30 በሳምንት አንዴ ፋኑን በኃይል አዙሮ ራሱን ያጸዳል፤ ሌሎቹ የእናንተን እጅ ይጠብቃሉ።

ለኤስዲኤስ 011 ፋብሪካው የሚሰጠው ዕድሜ 8,000 ሰዓት ነው፤ ያለማቋረጥ ቢሠራ ዓመት አይሞላም። በየአምስት ደቂቃው ግማሽ ደቂቃ አንቅታችሁ ቀጣዩን ግማሽ ደቂቃ ብታነቡ ዕድሜው ይረዝማል። ይህን ካደረጋችሁ ግን ማስተካከሉም በዚያው አሠራር የተደረገ ይሁን።

ለእያንዳንዱ ሴንሰር አንድ ገጽ ክፈቱ፦ መለያ ቁጥሩ፣ የተሰቀለበት ቀንና ከፍታ፣ የትኛው ቀመር ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሠራበት፣ መቼ እንደጸዳ። ቀመሩ ሲለወጥ የድሮውን አትደምስሱ፤ ቁጥር ስጡትና አዲሱን ከሥሩ ጻፉ። ጥሬው ዳታ ስላለ የኋላውንም በአዲሱ ቀመር እንደገና ማስላት ይቻላል። የዜሮ ሙከራው ከ5 በታች አልወርድ ያለ፣ ከጸዳም በኋላ ያው የሆነ ሴንሰር ሲያጋጥም ከገጹ ግርጌ የወጣበትን ቀን ጻፉና አዲሱን ከደረጃ 3 ጀምሩት።